ቀፎ ለመስቀል ዛፍ የመውጣት ዘዴና ጥንቃቄው

ከአርባ ምንጭ በስተምዕራብ በሚገኘው የጋሞ ደጋ፣ በገረሴና በአካባቢዋ፣ እንደ ሌሎች በርካታ የኢትዮጵያ ቦታዎች ሁሉ ባህላዊ ቀፎ ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ማደሪያ ፍለጋ የሚዞር የንብ መንጋ ከፍ ያለ ቦታ ስለሚመርጥ ነው። በመሆኑም የንብ ሀብት ልማት ሲታቀድ ከቀፎው ዓይነትና ከማሩ መጠን ጎን ለጎን የአናቢው የዛፍ አወጣጥም ሊታይ ይገባል።

የተለመደው አወጣጥ ግንዱን በእጅና በእግር አቅፎ መውጣት ነው። ግንዱ ወፍራም ሲሆን ገመድ በግንዱና በወጪው ወገብ ዙሪያ ይታሰራል። ወጪው ወደ ኋላ ዘንበል ብሎ እግሩን ከግንዱ ሲያጣብቅ ገመዱ ተወጥሮ ክብደቱን ይደግፋል፤ ከዚያም ወደ ግንዱ ጠጋ ብሎ ገመዱን በማላላት ወደ ላይ ያሻግረዋል። የዘዴው ደካማ ጎን የሚታየው ቅርንጫፍ ላይ ሲደረስ ነው። ቅርንጫፉን ለማለፍ ገመዱ መፈታት ስላለበት ወጪው ለጥቂት ጊዜ ያለ ድጋፍ ይቀራል። መፍትሔው ሁለተኛ ገመድ መያዝና አዲሱን ከቅርንጫፉ በላይ ሳያስሩ የፊተኛውን አለመፍታት ነው። ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰር ገመድ ግን ለመደገፍ እንጂ ውድቀትን ለመግታት አይበቃም።

በሰሜን አሜሪካ ዛፍ ላይ መቆሚያ አበጅተው አጋዘን መሰል እንስሳትን በቀስት የሚያድኑ ሰዎች ተመሳሳይ ጥንቃቄ እንዲያደርጉ ይመከራሉ። (በኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ ማደን የተከለከለ ነው።) አዳኙ እግሩ መሬት ከለቀቀበት ጊዜ አንስቶ እስኪወርድ ድረስ ደረቱንና ጭኑን በሚይዝ መታጠቂያ ከዛፉ ጋር ይያያዛል። ቀስቱንም ተሸክሞ አይወጣም፤ ቦታውን ከያዘ በኋላ በገመድ ይስበዋል። አናቢውም ቀፎውን በዚሁ መንገድ ሊስበው ይችላል። በመታጠቂያ ተንጠልጥሎ ሳይንቀሳቀስ የቆየ ሰው የደም ዝውውሩ በደቂቃዎች ውስጥ ሊታወክ ስለሚችል ከታች ረዳት መኖሩ ግድ ነው።

አደጋው የሚከፋው ማር ሲቆረጥ ነው። ንቦች በጨለማ እምብዛም ስለማይበሩ ማር በአብዛኛው የሚቆረጠው በሌሊት ነው፤ አናቢው በአንድ እጁ ጭስ ይዞ፣ እየተነደፈ፣ ቅርንጫፉን በዳሰሳ ይፈልጋል።

ስለዚህ ከሁሉም የሚሻለው ዛፍ የሚወጣበትን ጊዜ መቀነስ ነው። መንጋው እንደገባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ አመሻሽ ላይ፣ መግቢያውን ዘግቶ ቀፎውን በገመድ ማውረድ ይቻላል። የማር እንጀራው ገና ስላልተሠራ ቀፎው ቀላል ነው፤ ማር ሲሞላ ግን ለአንድ ሰው ይከብዳል። ንቦቹም ቦታውን ገና አልለመዱትም። ቆይተው ወደ ቅርብ ሥፍራ ቢዛወሩ ቀሳሚዎቹ ወደ ቀድሞው ዛፍ ይመለሳሉ።

የወረደው ቀፎ በጓሮ፣ ወገብ በሚደርስ መቆሚያ ላይ ይቀመጣል፤ ጉንዳን እንዳይደርስበትም በእግሮቹ ዙሪያ አመድ ይነሰነሳል። መንጋውን ወደ ሽግግር ቀፎ ማዛወርም የሚመቸው በዚህ ከፍታ ነው። ዛፍ መውጣት በልማድ ለወንዶች የተተወ በመሆኑ፣ ቀፎው ጓሮ ሲገባ ሴት አናቢዎች ማራቸውን ለማስቆረጥ ሰው መለመን አይኖርባቸውም።