የአጎቴ በቅሎ ጭራ

ባለፈው መጋቢት ጎጃም ላሉት አጎቴ ደወልኩ። «ሣር የለም፣ ጭዱም ሊያልቅ ነው። አንዱን በሬ መሸጤ ነው» አሉኝ። (በጋ ማለት እዚያ ዝናብ የማይዘንብበት ወቅት ነው እንጂ የፈረንጆቹ ሞቃት ወራት አይደለም።)

«ጋሼ፣ ሉኪኒያውስ?»

«ነቀልኩት! የበቅሎዬን ጭራ አረገፈው።»

እውነታቸውን ነው። ሉኪኒያ የባቄላና የአተር ዘመድ የሆነ ዛፍ ነው። ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ሣሩ ሲደርቅም ለምለም ነው፤ ቅጠሉም ብዙ ፕሮቲን አለው። ነገር ግን ሚሞሲን የሚባል መርዝ አለበት፤ የፈረስና የበቅሎ ጠጉር የሚረግፈው በእሱ ነው።

ብሪስቤን ማስተርሴን ስማር የሰማሁት ታሪክ ትዝ አለኝ። አውስትራሊያ ውስጥ ከብቶች ይህን ቅጠል አብዝተው ሲበሉ ይታመሙ ነበር። ሬይመንድ ጆንስ የተባለ ተመራማሪ ግን የሃዋይ ፍየሎች በልተውት ምንም እንደማይሆኑ አስተዋለ። ለካ ሆዳቸው ውስጥ መርዙን የሚያፈርስ ባክቴሪያ አለ! በ1980ዎቹ ባክቴሪያው ወደ አውስትራሊያ ከብቶች ተላለፈ፤ በኋላም በጆንስ ስም ተሰየመ። እኔ የኮምፒውተር ሰው ብሆንም ይህን መፍትሔ እወደዋለሁ፦ ዛፉን ሳይነኩ ሆዱን ማስተካከል።

«ለበቅሎዋ አይስጡ። ለላሞቹ ግን ከጭድ ጋር በጥቂቱ» አልኳቸው።

ዝም አሉ። «አጥሩ ጥግ ሁለት ቀርተዋል።»

በሬው ግን ቅዳሜ ገበያ ወጣ።