«ፊቷን ብቻ አውጣልኝ»

ባለፈው ሰሞን አንዲት ሴት የእናቷን ፎቶ ይዛ ወደምሠራበት ፎቶ ቤት መጣች። ሙት ዓመቱ ደርሷል፤ ሳሎን የሚሰቀል 30 በ40 ምስል በፍሬም ትፈልጋለች። ስልኳ ላይ ያሳየችኝ ፎቶ እንዲህ ነው፦ እናትየው ከረከቦቱ ኋላ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል። ነጠላቸው ከአንድ ትከሻቸው ወርዷል። ቀኝ እጃቸው ጀበናውን ከፍ አድርጎ ይቀዳል፣ ግራ እጃቸው ጉልበታቸው ሥር የቆመውን ሕፃን ይዟል። ዓይናቸው ሲኒው ላይ ነው። «ወንድሜ፣ ፊቷን ብቻ አውጣልኝ፤ ሌላው ትርፍ ነው» አለችኝ።

ተከራከርኳት። ሐዘንተኛን ግን ብዙ መከራከር አይቻልምና የጠየቀችውን ሠራሁላት። የወጣው ምስል አንገታቸውን የደፉ፣ ምን እንደሚያዩ የማይታወቅ፣ ያዘኑ የሚመስሉ እናት ምስል ነው። ሲኒው ሲቆረጥ ዓይናቸው የሚያርፍበት ጠፋ። ቡናው እንዳይፈስ የሚጠነቀቁት ሴት ጉርዱ ላይ ትካዜ የያዛቸው መሰሉ። ፊታቸው ላይ ምንም አልነካሁም፤ ስሜቱ ግን ተገለበጠ። ይህ ነገር እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም።

ነገሩ የእሷ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት። ሰርግ ይሁን ምረቃ፣ ክርስትና ይሁን ለቅሶ፣ ክሮፕ ሲባል ሰዉ የሚገባው ፊት ማቅረብ ነው። በየቀኑ የምሰማው ይህንኑ ነው፣ በየቀኑም የምመልሰው ያንኑ ነው፣ እውነቱን ለመናገር ደክሞኛል። ከየት እንደመጣ አላጣሁትም። ለመታወቂያ፣ ለፓስፖርት፣ ለትምህርት ቤት፣ ለሥራ ቅጥር እያልን በግድ የተነሳነው ሁሉ ጉርድ ፎቶ ነው። አሁን ደግሞ የቴሌግራምና የፌስቡክ ትንሿ ክብ መጥታ ፊት ብቻ ትጠይቃለች። እዚያ ላይ ፊት ማቅረብ ልክ ነው። ጉርድ ፎቶ «ይህ ሰው እሱ ነው ወይ?» ለሚል የጥበቃ ሠራተኛ የተዘጋጀ መልስ ነው። ግድግዳ ላይ ለዓመታት የሚሰቀለውን ፎቶ ግን ማንም እንዲህ ብሎ አይጠይቀውም። የልጅ ልጆች የሚጠይቁት እንዴት ያሉ ሰው እንደነበሩ ነው። ያንን ደግሞ እጅ ይናገራል፣ አቀማመጥ ይናገራል፣ ቤቱ ይናገራል።

ለሚከራከሩኝ ሁሉ ሁለት ፎቶዎችን አሳያለሁ። አንደኛው አርኖልድ ኒውማን እ.ኤ.አ. በ1946 ያነሳው የሙዚቃ ደራሲው የኢጎር ስትራቪንስኪ ምስል ነው። ኒውማን ኔጋቲቩ ላይ ከነበረው ብዙ ከርክሮ ሲጨርስ ስትራቪንስኪ ከታች በግራ ጥግ ቀረ። ፎቶውን የሞላው ተከፍቶ የቆመው የፒያኖ ክዳን ጥቁር ቅርጽ ነው። ያዘዘው መጽሔት፣ ሃርፐርስ ባዛር፣ አልተቀበለውም። ዛሬ የኒውማን ስም ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰው ግን ያ ፎቶ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ያልተቆረጠ ፎቶ አይደለም፤ በጣም የተቆረጠ ነው። ተቆርጦም ፊቱ ትንሽ፣ ሰውየው ግን ግዙፍ ሆነ።

ሁለተኛው አልቤርቶ ኮርዳ እ.ኤ.አ. ማርች 5 ቀን 1960 ሃቫና ላይ ያነሳው የቼ ጉቬራ ምስል ነው። ዕለቱ በላ ኩብር መርከብ ፍንዳታ ለሞቱት ሰዎች የተደረገው የሐዘን ሥነ ሥርዓት ነበር። ዋናው ፎቶ ላይ በአንድ ወገን የሌላ ሰው ፊት በጎኑ ይታያል፣ በሌላው ወገን የዘንባባ ቅጠል አለ። ኮርዳ ሁለቱንም ቆርጦ ፊቱንና ቆቡን አስቀረ። ዓለም የሚያውቀው፣ በየቲሸርቱ የታተመው እሱ ነው። የፊት ክሮፕ ሲሳካ ይህን ይመስላል፣ አልክድም። ግን ምን እንደተደረገ እንይ። ሐዘኑ ተቆረጠ፣ ዕለቱ ተቆረጠ፣ ቦታው ተቆረጠ፤ የቀረው ለማንኛውም ጉዳይ የሚውል ዓርማ ነው። ዓርማ ለሚፈልግ ይህ ትክክለኛ ሥራ ነው። እናቱን፣ አያቱን፣ ልጁን ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ሰው ግን ሊያስቀር የሚፈልገው ያንኑ ዕለትና ያንኑ ቦታ ነው።

በእኛ ፎቶዎች ላይ ደግሞ ከፊት ውጭ ያለው ነገር ብዙ ነው። ሙሽራዋ የሀገር ልብሷን ስታሠራ ዋናው ወጪና ምርጫ ጥለቱ ላይ ነው። ጥለቱ ከደረት እስከ ታች ወርዶ ጠርዙን ይዞራል። «ፊቷን አቅርብ» ተብዬ ደረት ላይ ስቆርጠው የሚቀረው ነጭ ጨርቅ ነው። የጉርሻ ፎቶ ላይ ቁም ነገሩ የሚያጎርሰው እጅ ነው። እጁ ከክንዱ ከተቆረጠ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጣት አፍ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። የምረቃ ፎቶ ላይ አባትየው ልጁን ሳያይ ካሜራውን ትክ ብሎ ሲያይ፣ እጁ ግን የልጁን ካባ ጫፍ ጨብጦ ሲገኝ፣ እኔ ከዚያ እጅ በላይ መቁረጥ አልችልም። ልጁ ግን ይቆርጠዋል፣ ለፕሮፋይል።

«ታዲያ አትቁረጡ ነው የምትለን?» ይሉኛል። በፍጹም። አብዛኛው የቤት ፎቶ መቆረጥ ያስፈልገዋል። ሰዉ ስልኩን ሲያነሳ ፊቱን ልክ መሃል ላይ ስለሚያደርገው የላይኛው ግማሽ ጣሪያና ሰማይ ይሆናል፣ እግሩ ደግሞ ቁርጭምጭሚት ላይ ተበጥሶ ይቀራል። ከዚያ በላይ በቀላሉ የሚድን ስህተት የለም። የምጣላው ሥራው ከፊት ከሚጀምረው ልማድ ጋር ነው። ፊቱ ላይ ሳጥን ተክለው ወደ ውጭ ትንሽ ያሰፉታል፣ ይበቃል ይላሉ። እኔ የምጀምረው ከጠርዝ ነው። አራቱን ጠርዞች ተራ በተራ እይዝና ይህ ስንዝር ለፎቶው ምን ይሠራል እላለሁ። የማያውቁት ሰው ክርን፣ የላስቲክ ወንበር እግር፣ የተከፈተ ቴሌቪዥን ብርሃን ከሆነ ይሂድ። ስቆርጥ ስቆርጥ የሆነ ቦታ ላይ ፎቶው ሲያመው ይታያል። እዚያ አቆማለሁ።

የት እንደሚቆረጥም ብዙ ሰው አይገደውም። መጋጠሚያ ላይ አይቆረጥም፤ አንጓ፣ ክርን፣ ጉልበት፣ ቁርጭምጭሚት ላይ የተቆረጠ ሰው አካሉ የጎደለ ይመስላል። መሃል ጭን ወይም መሃል ክንድ ላይ ሲቆረጥ ዓይን የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። ሰው ወደ ጎን ሲያይ ደግሞ በሚያይበት በኩል ቦታ ይተውለት። ዓይኑ ጠርዙ ላይ ከተጋጨ ግድግዳ ፊት የቆመ ይመስላል። ከጎኑ የነበረውን ሰው ቆርጦ ትከሻውን ማስቀረት፣ ወይም ወገቡ ላይ የሌላ ሰው እጅ መተው፣ ከሁሉ የከፋ ነው። የተቆረጠው ሰው ማን እንደሆነ ባያውቅም፣ ተመልካቹ ከፎቶው ይልቅ ስለ እሱ ያስባል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ፊት ብቻ ማውጣት መልኩን ከማበላሸቱ ሌላ፣ ፎቶውን ያመነምነዋል፤ ይህን ደግሞ ማንም አያምነኝም። ባለ 12 ሜጋፒክስል ስልክ የሚያወጣው ፎቶ 3000 በ4000 ፒክስል ገደማ ነው። ሙሉውን 30 በ40 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢያትሙት በአንድ ኢንች 250 ያህል ፒክስል ይደርሰዋል፣ ይህም ያማረ ኅትመት ነው። ከራቅ ብሎ ለሚታይ የግድግዳ ፎቶ 150 እንኳ ይበቃል። ፊቱ ግን ከፎቶው ስፋት አንድ አምስተኛውን ብቻ ይዞ ከሆነ የሚተርፈው 600 በ800 ነው። ያ በዚያው ወረቀት ላይ ሲዘረጋ በኢንች 50 ይሆናል። ብዥ ይላል። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ የተላከ ከሆነማ ለዓመታት ረጅሙ ጎን ከ1280 ፒክስል እንዳይበልጥ ተጨምቆ ሲደርስ ኖሯል። ከዚያ ላይ የሚወጣው ፊት ከ200 ፒክስል የማይበልጥ ስፋት ነው ያለው። የሚብሰው ስክሪንሹት አንስቶ፣ ስክሪንሹቱን ቆርጦ የሚያመጣው ነው።

«በኤአይ አጥራልኛ!» የዚህ ዓመት መልስ ይህ ነው። መሣሪያው አለኝ፣ አውቀዋለሁ፤ ለጨርቅ፣ ለዛፍ፣ ለግድግዳ እጠቀምበታለሁ። 200 ፒክስል ያላት ፊት ላይ ግን የሌለ ዝርዝር ከየት ያመጣል? ከተማረባቸው ከሌሎች ሰዎች ፊት ነው የሚያመጣው። ቆዳው ይለሰልሳል፣ ጥርሱ ይስተካከላል፣ ሽፋሽፍቱ ይረዝማል፣ እንደ ሰም ይጠራል። ቤተሰቡ አይቶ «አምሯል» ይላል፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አንዱ «እማዬን ግን አትመስልም» ይላል። አትመስልም፤ ምክንያቱም ግማሹ ፊት የእሷ አይደለም። ለመታሰቢያ በሚሰቀል ምስል ላይ ይህን ማድረግ ለእኔ ተራ የጥራት ጉዳይ አይደለም። ሰዎቹ ሊያስታውሷት ብለው የማያውቋትን ሴት እየሰቀሉ ነው።

የወረቀቱ መጠንም አስቀድሞ ይታሰብ። የስልክ ፎቶ 4 ለ3 ነው፤ 10 በ15 ወረቀት ግን 3 ለ2 ነው። ሳይነገረው የሚያትም ማሽን ከአጭሩ ጎን አንድ ዘጠነኛውን ራሱ ቆርጦ ይጥላል። ጭንቅላቱ ጠርዝ አጠገብ የነበረ ሰው ፀጉሩ ይሄዳል። 30 በ40 ከስልኩ ፎቶ ጋር ልክ ይገጥማል፤ 20 በ30 አይገጥምም። መጠኑን ሳይወስኑ ቆርጦ መምጣት ሁለት ጊዜ መቁረጥ ነው።

ለዚህ ነው ስልክዎ ላይ ቆርጠው አይምጡ የምለው። ከቆረጡም ኮፒው ላይ ይቁረጡ። አይፎን ዋናውን ስለሚያስቀምጥ ይመለሳል፣ ላይትሩምም ዋናውን ፋይል አይነካም። ፎቶሾፕ ላይ ደግሞ የተቆረጠውን ፒክስል ይጥል ወይም ይያዝ የሚል ምርጫ አለ። ጄፔግ አድርገው በላዩ ላይ ካስቀመጡት ግን የተቆረጠው ሄደ ማለት ነው። ዋናው የት አለ ስል «ቦታ ስለያዘብኝ አጠፋሁት» የሚሉኝ ሰዎች ብዛት ያሳዝነኛል። የሚታተም ፎቶ ያለው ሰው ዋናውን ፋይል ከነጣሪያው፣ ከነቴሌቪዥኑ፣ ከነወንበሩ ያምጣ። በቴሌግራም ከላከም «እንደ ፋይል» የሚለውን መርጦ ይላክልኝ። የትኛው ጠርዝ እንደሚሄድ ስክሪኑ ላይ አብረን እናያለን።