ባጃጅና ኪዩት በዳሞታ ግርጌ

ባጃጅ ሞተሩ ከኋላ የተቀመጠ፣ እንደ ሞተር ብስክሌት በእጀታ የሚነዳ ባለ ሦስት ጎማ ቀላል ተሽከርካሪ ነው። ስያሜውን ያገኘው ከአምራቹ፣ ባጃጅ ኦቶ ከተባለው የህንድ ኩባንያ ነው። የኩባንያው ስም ግን በኢትዮጵያ የተሽከርካሪው ዓይነት መጠሪያ ሆኖ ስለቀረ፣ ሌላ አምራች የሆነው ቲቪኤስ የሠራውም ቢሆን ሰው ሁሉ ባጃጅ ይለዋል። በወላይታ ሶዶ ከአራዳ ወደ መርካቶ፣ ከመናኸሪያ ወደ ኦቶና ሆስፒታል ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚሄድ ሰው በአብዛኛው የሚሳፈረው በዚሁ ነው። ከተማዋ በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር የተመሠረተው የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ርዕሰ መስተዳድር መቀመጫ ከሆነች በኋላም ይህ አልተለወጠም።

የባጃጅ የዘር ሐረግ ወደ ጣሊያን ይመለሳል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ፒያጆ የተባለው የአውሮፕላን ሠሪ ኩባንያ ፊቱን ወደ ርካሽ መጓጓዣ አዞረ። ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የተባለው የአውሮፕላን መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1946 ቬስፓን፣ ማለትም «ተርብ»ን ነደፈ። በ1948 ደግሞ ከቬስፓው ፊት ለፊት ክፍል ጋር ሁለት የኋላ ጎማና የጭነት ሳጥን ተገጥሞ ባለ ሦስት ጎማው «አፔ» ተወለደ፤ ትርጉሙ «ንብ» ነው። ባጃጅ ከፒያጆ ፈቃድ አግኝቶ እስከ 1971 ድረስ በዚሁ ንድፍ ሲሠራ ቆየ፤ ከዚያ በኋላ በራሱ ስም ቀጠለ። በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ደስ የሚል ግጥምጥሞሽ አለ። የጣሊያኑ ንድፍ በህንድ ዞሮ ሶዶ ሲደርስ፣ የጋራዡ ቋንቋ ቀድሞ ይጠብቀው ነበር፦ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ማርሚታ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ጎማ የሚለጥፈውም ጎሚስታ ይባላል።

አነዳዱን ለመልመድ ጊዜ አይፈጅም። የግራ እጅ ፍሪሲዮኑን ጨብጦ እጀታውን በማዞር ማርሽ ይቀይራል፤ አራት የፊት ማርሾች አሉ፣ የኋላ ማርሽም አለ። ቀኝ እጅ ነዳጅ ይሰጣል፤ ፍሬኑ በእግር ይረገጣል። ባለ አራት ምቱ ሞተር 200 ሲሲ ገደማ ሲሆን ጉልበቱ ወደ 10 የፈረስ ጉልበት ነው። ባዶው ባጃጅ 350 ኪሎ ግራም አካባቢ ይመዝናል። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ከራሱ ጋር በሚዞር ማራገቢያ ስለሆነ፣ ዳገት ላይ ተሽከርካሪው ቢያዘግምም ንፋስ አይቋረጥበትም። ለሶዶ ይህ ትልቅ ጸጋ ነው።

ክብደት የዚህ ተሽከርካሪ ዋና ጉዳይ ነው። በሌላው ዓለም የመኪና አፍቃሪዎች «ቀላል ስፖርት መኪና» ብለው የሚያደንቁት ቶዮታ 86 እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ 1,240 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝን ነበር፤ 200 የፈረስ ጉልበትም ነበረው። እያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት 6 ኪሎ ግራም ብቻ ይጎትታል ማለት ነው። ሾፌሩንና ሦስት ተሳፋሪዎችን የጫነ ባጃጅ ግን ከ600 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚሆን፣ አንዱ የፈረስ ጉልበት ከ60 ኪሎ ግራም በላይ ይደርሰዋል። ሁለቱ ተሽከርካሪዎች በፍጥነት አይገናኙም፤ የነዳፊዎቻቸው መርህ ግን አንድ ነው፦ ውድ ሞተር ከመጨመር ክብደት መቀነስ ይረክሳል።

ሶዶ ላይ ግን ስሌቱ ሌላ ተቃዋሚ ያገኛል። ከተማዋ ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሞተር ቤንዚን የሚያቃጥለው በሚስበው አየር ልክ ስለሆነ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ፋብሪካው 10 ያለው ሶዶ ላይ 8 ገደማ ይሆናል። ካርቡራተሩ ለዝቅተኛ ቦታ እንደተስተካከለ ከቀረ ደግሞ ለሳሳው አየር የሚበዛ ቤንዚን ይሰጣል፤ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ጭስ ይወጣል፣ ነዳጅ ይባክናል። ስለዚህ ካርቡራተር አስተካክሎ መንዳት በሶዶ ትርፍና ኪሳራን የሚለይ ሥራ ነው።

ዳገቱ የቀረውን ይወስዳል። በየ100 ሜትሩ 8 ሜትር ከፍ በሚል መንገድ ላይ፣ ሙሉ ተሳፋሪ የያዘ ባጃጅ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ከጎማው ላይ 7 የፈረስ ጉልበት ያህል ይፈልጋል። በካምቢዮው የሚባክነው ሲታከልበት ሞተሩ ያለውን በሙሉ ያወጣል ማለት ነው። ወደ ዳሞታ አቅጣጫ የሚወጣ ባጃጅ ሁለተኛ ማርሽ ላይ የሚያጓራው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሾፌሩ ድክመት አይደለም።

ቁልቁለቱ ደግሞ የሦስት ጎማን ጉድለት ያጋልጣል። ሦስቱ ጎማዎች መሬት ላይ ሦስት ማዕዘን ይሠራሉ፤ ማዕዘኑ ከኋላ ሰፊ፣ ከፊት ጠባብ ነው። ባጃጁ ቁልቁል ሲወርድና ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወደ ጠባቡ ጫፍ ይሄዳል። በዚያው ቅጽበት መሪው ከተጠመዘዘ ክብደቱ ከሦስት ማዕዘኑ መስመር ይወጣና ተሽከርካሪው በጎኑ ይወድቃል። ጥንቁቅ ሾፌር ፍሬኑን ከመታጠፊያው በፊት ይጨርሳል። ከሦስት ሰው በላይ መጫን የሚያሰጋውም የክብደቱን ማዕከል ከፍ ስለሚያደርግ ነው፤ ለጥቂት ብር ሲባል የሚደረገው ይህ ድፍረት ሕይወት ያስከፍላል።

ለዚህ ጉድለት ባጃጅ ኦቶ ራሱ የሰጠው መልስ ኪዩት ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 2012 ዴልሂ ላይ «አርኢ60» ተብሎ ታየ፤ በ2015 ኪዩት ተባለ፤ ህንድ ውስጥ ግን ሕጉ እስኪስተካከል እስከ 2019 መሸጥ አልጀመረም ነበር። አራት ጎማ፣ አራት በር፣ ክብ መሪና አራት መቀመጫ አለው። ሞተሩ 216 ሲሲ፣ 13 የፈረስ ጉልበት ገደማ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ ነው፤ ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ነው። ኢትዮጵያ ውስጥም ገብቶ አዲስ አበባ ላይ ተሳፋሪ ያጓጉዛል።

በባጃጅና በኪዩት መካከል የሚነሳው ክርክር ሁለቱም ወገን እውነት ያለበት ነው። ኪዩትን የሚደግፈው ዝናብንና አቧራን ያነሳል፤ በር ያለው ተሽከርካሪ በሶዶ ክረምት ለታመመና ለአራስ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻም። አራተኛው ጎማም መገልበጥን ይቀንሳል። ባጃጅን የሚመርጠው መለዋወጫን ይቆጥራል፦ የባጃጅ ዕቃ በየሱቁ ይገኛል፣ መካኒኩም ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል፤ ኪዩት ግን ራዲያተር፣ የውሃ ፓምፕና ክብደት ይጨምራል። ባጃጅ 3 ሜትር በማይሞላ ራዲየስ ሲዞር ኪዩት 3 ሜትር ተኩል ይፈልጋል፤ በጠባብ የሰፈር መንገድ ይህ ግማሽ ሜትር ይታወቃል። በሩን አይቶ ኪዩትን እንደ መኪና መተማመንም ስሕተት ነው። የመኪና ደኅንነት ፈታኙ ድርጅት ዩሮ ኤንካፕ እ.ኤ.አ. በ2016 በግጭት ፈትኖት የሰጠው ኮከብ አንድ ብቻ ነው።

ቀጣዩ ቀላል ተሽከርካሪ ከሁለቱም የተለየ ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ ገበያው ወደ ኤሌክትሪክ ዞሯል፤ ባለ ሦስት ጎማ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችም መጥተዋል። ለሶዶ የኤሌክትሪክ ሞተር ትልቁ ጥቅም አየር አለመፈለጉ ነው፤ የከፍታው ቅናሽ አይነካውም። ከቆመበት ሲነሳም ሙሉ የመጠምዘዝ ኃይሉን ይሰጣል፤ ዳገት ላይ ተሳፋሪ ለሚያነሳ ሾፌር ከዚህ የበለጠ ነገር የለም። ከወለሉ ሥር የሚቀመጥ ባትሪ የክብደቱን ማዕከል ዝቅ ስለሚያደርግ የመገልበጥ ሥጋቱንም ያቃልላል።

ዋጋው ግን በዚያው ባትሪ ይከፈላል፤ ንድፉ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የሸሸውን ክብደት መልሶ ያመጣል። ሙሉ ጭነት የያዘ 650 ኪሎ ግራም ባለ ሦስት ጎማ ከከተማው የታችኛው ክፍል 100 ሜትር ከፍታ ለመውጣት፣ መንገዱ የሚበላውን ሳይጨምር፣ 0.18 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ሲወርድ ሞተሩ እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ከዚህ የተወሰነውን ለባትሪው ይመልሳል፤ የነዳጅ ባጃጅ ግን ሲወርድ ይህን ጉልበት በፍሬን ሸራ ላይ ሙቀት አድርጎ ያጠፋዋል።