ትምባሆ፣ አዋጁና የምእመናን ድርሻ

ማጨስን የሚከለክል ሕግ በሀገራችን በተነሣ ቁጥር ሁለት ድምፆች ጎልተው ይሰማሉ። አንዱ «በገዛ ገንዘቤ ገዝቼ በገዛ ሳንባዬ ባጨስ ማንን ምን አገባው?» ይላል። ሌላው ደግሞ «ትምባሆ አባቶቻችን ያወገዙት ነገር ነው፤ አጫሽ ከቤተ ክርስቲያን ጋር ምን ኅብረት አለው?» ብሎ ይደመድማል። እኛ እንደምናየው የመጀመሪያው ባልንጀራን ይረሳል፤ ሁለተኛው ንስሓን ይረሳል። ሁለቱም አነጋገሮች ምእመናን በሚኖሩበት ቤት ውስጥ፣ አንዳንዴም በአባትና በልጅ መካከል የሚሰሙ በመሆናቸው ነገሩን ከሥሩ መመልከት ይገባል።

አዋጁ ምን ይላል?

የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጥር 28 ቀን 2011 ዓ.ም. ያጸደቀው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ስሙ ስለ ምግብና መድኃኒት ቢሆንም ስለ ትምባሆ ጠንካራ ድንጋጌዎችን ይዟል። በዚህ አዋጅ መሠረት ለሕዝብ አገልግሎት በሚሰጥ በማንኛውም የቤት ውስጥ ቦታና በሥራ ቦታ ማጨስ ክልክል ነው። ምግብ ቤቱም መጠጥ ቤቱም ከዚህ አያመልጥም። ደጅ ወጥቶ የሚያጨስም ቢሆን ከበርና ከመስኮት 10 ሜትር መራቅ አለበት። ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው ትምባሆ መሸጥ፣ ትምባሆን ማስተዋወቅ፣ እንዲሁም ሺሻንና ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን መሸጥ ተከልክሏል። በሲጋራ ፓኬት ላይም ከፊትና ከኋላ 70 በመቶውን የሚሸፍን በሥዕል የተደገፈ ማስጠንቀቂያ እንዲታተም ታዝዟል። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ2006 ዓ.ም. አጽድቃ ስለ ነበር አዋጁ ያንን ቃል ኪዳን ወደ ተግባር የሚያወርድ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅም በሲጋራ ላይ 30 በመቶና በአንድ ባለ 20 ፍሬ ፓኬት 8 ብር ጨምሮ ጣለ።

በሕጉ ላይ የሚነሡት ክርክሮች በርካታ ናቸው። የመጠጥ ቤት ባለቤቶች ደንበኛ ይሸሸናል ይላሉ። ይህ ሥጋት በእኛ ሀገር አልተጀመረም፤ አየርላንድ እ.ኤ.አ. መጋቢት 29 ቀን 2004 መጠጥ ቤቶችን ጨምሮ የሥራ ቦታዎችን ሁሉ ከጢስ ነጻ በማድረግ ከዓለም ቀዳሚ ስትሆን ይኸው ተብሎ ነበር፤ ሕጉ ግን እስከ ዛሬ ጸንቷል። ሌሎች ደግሞ «በሀገራችን የሚያጨሰው ሰው ጥቂት ነው፤ ይህን ያህል ሕግ ምን ያስፈልጋል?» ይላሉ። እውነት ነው፤ በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው ሀገር አቀፍ የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት መሠረት ትምባሆ የሚጠቀሙት 5 በመቶ ገደማ ነበሩ። ነገር ግን በዚያው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ አንድ የጃፓን የትምባሆ ኩባንያ የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ ከአንድ ዓመት ተኩል ያህል በኋላም ድርሻውን ከ70 በመቶ በላይ አደረሰ። ነጋዴ ገበያው እንደ ጠበበ ይቀራል ብሎ ባሰበበት ሀገር ይህን የሚያህል ገንዘብ አያፈስስም። ወጣት የሚበዛበትና አጫሽ ያልበዛበት ሀገር በሻጩ ዓይን ገና ያልታረሰ መሬት ነው። ስለዚህ የአጫሾቹ ቁጥር ማነስ ሕጉን ወቅታዊ ያደርገዋል እንጂ ከንቱ አያደርገውም።

ሕጉ በወረቀት ላይ ቀርቷል የሚለው ወቀሳ ግን ክብደት አለው። ሱቅ በደረቴ አንጠልጥሎ ከማስቲካውና ከከረሜላው ጋር ሲጋራን በፍሬ የሚሸጠው ልጅ የገዢውን ዕድሜ አይጠይቅም። ብዙ ጊዜ እርሱ ራሱ 21 ዓመት አልሞላውም።

ጢሱ ወዴት ይሄዳል?

«በገዛ ሳንባዬ» የሚለው ክርክር የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የትምባሆ ጢስ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎችን የያዘ ሲሆን ከእነዚህ መካከል ወደ 70 የሚጠጉት ካንሰር የሚያመጡ መሆናቸው ታውቋል። ይህ ጢስ በአጫሹ ደረት ውስጥ አይቀርም። በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን በላይ የማያጨሱ ሰዎች በሌሎች ጢስ ምክንያት ይሞታሉ። መስኮት መክፈትና ማራገቢያ መትከል ሽታውን ይቀንስ እንደ ሆነ እንጂ ጉዳቱን አያስቀርም፤ ጉዳት የማያደርስ ጥቂት ጢስ የሚባል ነገርም የለም። ሺሻ በውኃ ውስጥ ስለሚያልፍ መርዙ ይቀራል የሚባለውም ሐሰት ነው።

አንዲት በመጠጥ ቤት የምትሠራ አስተናጋጅ እናስብ። ከገጠር መጥታ የቤት ኪራይ የምትከፍለው፣ ለእናቷም የምትልከው በዚያ ደመወዝ ነው። እንግዳው ሁለት ሰዓት ተቀምጦ፣ አጭሶ ይሄዳል፤ እርሷ ግን ሌሊቱን በሙሉ የአሥሩንም የሃያውንም እንግዳ ጢስ ስትስብ ታድራለች። «ካልተስማማት ሥራውን ትልቀቅ» የሚል ሰው የነጻነትን ቃል ለራሱ ብቻ አስቀርቶታል። ስለ ነጻነት የሚከራከር ክርስቲያን ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን የጻፈውን ያስታውስ። በዚያ ዘመን ለጣዖት የተሠዋ ሥጋ ስለ መብላት ክርክር ነበር። ሐዋርያው ዕውቀት ያላቸው ሰዎች መብላት እንደሚችሉ አልካደም፤ ነገር ግን መብሉ ወንድሙን የሚያሰናክል ከሆነ ለዘለዓለም ሥጋ ባይበላ እንደሚመርጥ ተናገረ (1ኛ ቆሮ. 8፥13)። ሐዋርያው የተወው በራሱ ንጹሕ የሆነውን ምግብ ነበር። እኛ እንድንተው የተጠየቅነው ደግሞ የወንድማችንን ሳንባ የሚጎዳ ጢስ ነው። ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በአንድ ምዕራፍ ውስጥ ለሥልጣን መገዛትንና ፍቅር በባልንጀራ ላይ ክፉ እንደማያደርግ አያይዞ ማስተማሩም ልብ ሊባል ይገባዋል (ሮሜ 13፥1-10)። ስለዚህ ከበሩ 10 ሜትር ርቆ የሚያጨስ ክርስቲያን ቅጣትን ሽሽት ብቻ ሳይሆን ስለ ባልንጀራው ብሎም ሊያደርገው ይገባል።

«ቤተ ክርስቲያንም እኮ ታጨሳለች» እያሉ ዕጣንን የሚያነሡ ቀልደኞች አይጠፉም። ዕጣን ከጸሎት ጋር ለእግዚአብሔር የሚቀርብ መሥዋዕት ነው፤ ማንም ሱስ ሆኖበት በየሰዓቱ አይስበውም። ከዚህ በላይ መልስ የሚያስፈልገው አይመስለንም።

የቤተ ክርስቲያን አቋም በምን ላይ ቆሟል?

በሕዝባችን ዘንድ ትምባሆ ከአርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ተክል ነው ተብሎ ሲነገር ኖሯል። የትረካው ዓላማ ግልጽ ነው፤ መናፍቁን ከሚጠሉበት ጥላቻ ጋር ትምባሆንም አያይዘው እንዲጠሉ ነው። ታሪክ ግን ይህን አይደግፈውም። አርዮስ የኖረው በ3ኛውና በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲሆን ትምባሆ ደግሞ የአሜሪካ ምድር ተክል ነው፤ ወደ ሌላው ዓለም የተሻገረው እ.ኤ.አ. ከ1492 በኋላ ነው። ከዚያ አስቀድሞ በተዘጋጀው በፍትሐ ነገሥትም ትምባሆ በስሙ አለመጠቀሱ ከዚሁ የተነሣ ነው። ይህን የምንጽፈው አባቶችን ለመንቀፍ አይደለም። ዛሬ ስልክ በእጁ የያዘ ወጣት ይህን በአንድ ደቂቃ ያውቀዋል፤ የሰማው ማስረጃ ይህ ብቻ ከሆነም ትረካውን ሲጥል ትምህርቱንም አብሮ ይጥለዋል። ይህን የሚያህል ትምህርት እንዲህ ባለ ምሰሶ ላይ ማቆም አያስፈልግም ነበር።

ጽኑው መሠረት ቀላልና ግልጽ ነው። ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ ነው፤ በዋጋ የተገዛን ስለሆንን የራሳችን አይደለንም (1ኛ ቆሮ. 6፥19-20)። በዚያው ምዕራፍ ሐዋርያው ምንም ነገር እንደማይሠለጥንበት ተናግሯል። ሱስ ማለት ደግሞ መሠልጠን ነው፤ ኒኮቲን ከተሳበበት ቅጽበት ጀምሮ በ20 ሴኮንድ ውስጥ አእምሮ ይደርሳል፤ ሰውየውም ከእንቅልፉ ሲነቃ ከውዳሴ ማርያሙ በፊት ክብሪት እስኪፈልግ ድረስ ይገዛዋል። ጢስ የሌላቸው ሱረትና ሌሎች የትምባሆ ዓይነቶችም ያው ኒኮቲን ስላለባቸው ከዚህ አይለዩም።

በቀደመው ዘመን ይህን ሱስ በኃይል ለማጥፋት ተሞክሯል። ከ1864 እስከ 1881 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የሚያጨስ ሰው ከንፈሩ፣ ሱረት የሚስብም አፍንጫው እንዲቆረጥ አዝዘው እንደ ነበር የውጭ ሀገር ጸሐፊዎች መዝግበዋል። ትምባሆ ግን አልጠፋም። ዛሬ ያ ቅጣት የለም፤ በምላስ መቁረጥ ግን አልቀረም። በየአጥቢያው «የሲጋራ ሽታ ይዤ እንዴት እገባለሁ?» ብሎ ከቅጽሩ ውጭ ተሳልሞ የሚመለስ ሰው አለ። ከዚህ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ አፍንጫውን የሚይዝ ምእመን ሰውየውን ከሲጋራው ሳይሆን ከንስሓው ነው የሚያርቀው። ሐሜተኛውና አራጣ አበዳሪው ሽታ ስለሌላቸው ብቻ ከፊት ይቆማሉ።

ጾምና የንስሓ አባት

አንዳንዶች «ሲጋራ ሥጋ አይደል፣ ወተት አይደል» እያሉ በጾም ያጨሳሉ። ጾም ሰውነትን ለነፍስ ማስገዛት እንጂ የምግብ ዓይነት መለወጥ ብቻ አለመሆኑን የሚያውቅ ሰው ይህን ክርክር አያነሣም። ደስ የሚያሰኘው ግን ብዙ አጫሾች ይህን ከመምህራን በላይ ማወቃቸው ነው፤ የዐቢይ ጾምን 55 ቀናት ሲጋራ ሳይነኩ የሚያሳልፉ አሉ። ሐኪሞች እንደሚያስረዱት ሲጋራ ያቆመ ሰው ብስጭቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱና ምኞቱ እጅግ የሚበረታበት በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ቀናት ነው፤ አብዛኛው በ3 ወይም በ4 ሳምንት ውስጥ ይለዝባል። ዐቢይ ጾም ከተጀመረ አራት ሳምንት የሚሆነው በደብረ ዘይት ነው። እንግዲህ በዘወረደ ማግሥት ያቆመ ሰው ደብረ ዘይት ሲደርስ የሥጋውን ፈተና በአብዛኛው ተሻግሮታል፤ ከዚያም ሌላ አራት ሳምንት ልማድ የሚተክልበት ጊዜ ይቀረዋል። ከየትኛውም ሕክምና ተቋም የማይገኝ፣ ምእመን ሁሉ አብሮ የሚጾምበት ጊዜ በእጃችን አለ ማለት ነው።

የሚያሳዝነው በትንሣኤ ሌሊት ከዶሮ ወጡ ጋር ሲጋራውንም «የሚፈስከው» መብዛቱ ነው። እዚህ ላይ የንስሓ አባቶች ድርሻ ትልቅ ነው። ካህኑ የንስሓ ልጁን በጾሙ መጀመሪያ ብቻ ሳይሆን በበዓለ ኃምሳም ቢጠይቀው፣ በተለይ ሲጋራውን ከቡና ወይም ከመጠጥ ጋር ለሚያያይዝ ሰው እነዚያን ሰዓታት በምን እንደሚሞላቸው ቢመክረው፣ ቀኖናውንም ደረጃ በደረጃ ቢሰጠው ይጠቅማል። ወድቆ የተመለሰውን «አልተሳካልህም» ብሎ ማሰናበት አይገባም፤ ብዙ ሰው ፈጽሞ የሚያቆመው ደጋግሞ ከሞከረ በኋላ ነውና። ሐኪም ዘንድ መሄድንም የእምነት ማነስ አድርጎ መቁጠር ስሕተት ነው፤ መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን የፈጠረው እግዚአብሔር ስለሆነ እንዲከበር ያዝዛል (ሲራክ 38)። ጸበሉም ምክሩም መድኃኒቱም ከአንድ ጌታ ናቸው። ለሚጀምረውም የሚያበረታ ነገር አለ፤ ያቆመ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ ሲጋራ በልቡ ላይ ያመጣበት ተጨማሪ የሕመም ሥጋት በግማሽ ይቀንሳል።

ምእመናን ሕጉን በየቤታቸውና በየማኅበራቸው ለመፈጸም ተቆጣጣሪ መጠበቅ አያስፈልጋቸውም። በጽዋ ማኅበርና በሰንበቴ ቤት ይህ ችግር ብዙም አይታይም። በለቅሶ ድንኳን ግን ይታያል። ድንኳኑ በሦስት ጎን ተሸፍኖ፣ አረጋውያን፣ ሕፃናትና አራሶች በተቀመጡበት፣ ሌሊቱን ካርታ እየተጫወቱ የሚያጨሱ አሉ፤ ማንም በሐዘን ቤት ለመቆጣት አይደፍርም። አዋጁ ድንኳኑን ያጠቃልላል አያጠቃልልም ብለን ሳንከራከር ዕድሩ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ በድንኳን ውስጥ አይጨስም የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር መጨመር ይችላል። ለሚያጨሱት ወንድሞች ከድንኳኑ ራቅ ብሎ አግዳሚ ወንበር ይቀመጥላቸው፤ ሻዩና ንፍሮው እስከዚያ ይድረሳቸው፤ የሰፈሩ ካህንም ለማጽናናት በመጣበት ሌሊት ጥቂት ጊዜ እዚያ አብሯቸው ይቀመጥ።