«እሳት የማይፈታው ዳዶ የለም»፦ ተረቱና እውነታው

ሞጆ፣ አንድ ጋራዥ ግቢ ውስጥ፣ ምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል ነው። ከጅቡቲ የተመለሰ ከባድ መኪና የኋላ አክስሉ ኩሽኔታ እየጮኸ ገብቷል። ሞዞውን ለማውረድ መጀመሪያ ጎማው መውጣት አለበት። ከ10 ዳዶ 9ኙ ተፈቱ፤ አንዱ እምቢ አለ። መፍቻው ላይ ቱቦ ተሰካ፣ ሁለት ሰው ወጣበት፤ ንቅንቅ የለም። ፎርማኑ «በያጁን ጥሩት» አለ። በያጁ ሰማያዊውን እሳት አሳረፈበት፣ ዳዶው ፍም መሰለ፤ አሁንም አልተፈታም። «ይብረድ፣ ከምሳ መልስ እናየዋለን» ተባለና ሁሉም ተበተነ።

ጎማው የፈነዳው እሳቱ ከጠፋ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው። ማንም አልነካውም። ረዳቱ ልጅ የረሳውን መፍቻ ሊያነሳ ጎንበስ ከማለቱ አንስቶ ግድግዳው ጋ ወረወረው። እጁ ሁለት ቦታ ተሰበረ፤ ቀኝ ጆሮው እስከ ዛሬ አይሰማም። ያን ጊዜ እኔም እዚያ ተቀጣሪ ነበርኩ። የኦክሲጅኑን ሲሊንደር እየገፋሁ መኪናው ድረስ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ ጉዳይ በተነሳ ቁጥር ዝም ማለት የማልችለው ለዚህ ነው።

«እሳት የማይፈታው ዳዶ የለም» የሚለው አባባል ከሜዳ የመጣ አይደለም። ብረት ሲሞቅ ይሰፋል። 22 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ብሎን ላይ የተቀመጠ ዳዶ ከብሎኑ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል በልጦ ቢሞቅ፣ ቀዳዳው በ0.05 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል። ከፀጉር የቀጠነ ክፍተት ነው፤ ግን ጥርስ ለጥርስ ያጣበቀውን ዝገት ለመስበር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ጎማው ወጥቶ፣ ኩሽኔታውና የግሪስ ማኅተሙ ሊለወጡ ተወስኖ፣ ብቻውን በቀረ ብረት ላይ እሳት የሚጠቀም ባለሙያ አላጠፋም። እዚያ ላይም ቢሆን ምስጢሩ ዳዶው ከብሎኑ መብለጡ ነው። እሳቱን አቆይቶ ሁለቱንም እኩል ያቀላ ሰው ሁለቱንም እኩል አስፍቷል፤ ያተረፈው ነገር የለም።

ችግሩ ጎማው ሳይወጣ የሚለኮሰው እሳት ነው። ዳዶው የተጣበቀው በቸርኬው ላይ ነው፤ ቸርኬው ደግሞ ጎማውን ከውስጥ አቅፎ ይዟል። ሙቀት በብረት ውስጥ ይሄዳል፣ ጎማው ከቸርኬው ጋር የሚሳሳምበት ጠርዝ ድረስ ይደርሳል። እዚያ ሙቀቱ ወደ 250 ዲግሪ ሲጠጋ ጎማው ከውስጥ መበስበስ ይጀምርና የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል። ውስጡ የታመቀ አየር አለ። ጋዙና አየሩ ሲገናኙና ሙቀቱ ሲበቃቸው በቅጽበት ይቀጣጠላሉ፤ ግፊቱ ቸርኬና ጎማ ከሚችሉት በላይ ይሆናል። ከውጭ ጭስ ላይታይ ይችላል፣ ድምፅም ላይሰማ ይችላል። ነገሩ ውስጥ ለውስጥ የሚበስል ስለሆነ እሳቱ ጠፍቶ፣ ብረቱ በእጅ የሚዳሰስ ሆኖ፣ ሰው ተረጋግቶ በቀረበበት ሰዓት ሊፈነዳ ይችላል። በተለመደው 8 ባር እንኳ የከባድ መኪና ጎማ አንድ ጎን የሚገፋበት ኃይል ከ40 ቶን በላይ ነው፤ የጋዙ ቃጠሎ የሚጨመረው በዚያ ላይ ነው።

«ንፋሱን አውጥተነዋል» የሚል መልስ እሰማለሁ። ንፋስ ማውጣት ተገቢ ነው፤ ጎማ ከአክስል ከመውረዱ በፊት፣ በተለይ ቸርኬው የተሰነጠቀ ወይም ባለቀለበት ከሆነ፣ የቫልቩ ፍሬ ወጥቶ ንፋሱ ሙሉ በሙሉ መለቀቅ አለበት። ለእሳት ግን ፈቃድ አይሆንም። ጎማው ቸርኬው ላይ እንደተቀመጠ ውስጡ አየር ይቀራል፤ የበሰበሰው ጎማ ደግሞ የራሱን ጋዝ ያመርታል። የጎማ አምራቾች መመሪያ ጎማ ያለበት ቸርኬ፣ ተነፍቶም ይሁን ተንፍሶ፣ ብየዳም ሆነ እሳት እንዳይነካው የሚያዘው ለዚህ ነው። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብም፣ ቁጥሩ 1910.177፣ ቸርኬ ላይ ሙቀት ማድረግን በግልጽ ይከለክላል።

እሳቱ ሁለተኛም ጥፋት አለው፤ ይሄኛው ቀስ ብሎ የሚገድል ነው። የከባድ መኪና የጎማ ብሎን ብዙውን ጊዜ ጭንቅላቱ ላይ 10.9 የሚል ቁጥር አለው። ይህ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ ተሞቆና በፍጥነት ቀዝቅዞ፣ ከዚያ ከ425 ዲግሪ ባላነሰ ሙቀት እንደገና በልኩ ተለዝቦ ነው። ብረት በጥላ ውስጥ በዓይን መቅላት የሚጀምረው ከ500 ዲግሪ በላይ ነው። ስለዚህ ቀልቶ ያየነው ብሎን ጥንካሬው ሄዷል ማለት ነው። ቅርጹ አይለወጥም፣ ዳዶም ይቀበላል፤ ለዚህም ነው ተመልሶ የሚታሰረው። ከዚያ መኪናው 40 ቶን ጭኖ ቁልቁለት ይወርዳል።

«20 ዓመት ሠርተነዋል፣ ምንም አልሆነም» የሚሉ ፎርማኖች ላይ ትዕግሥቴ አልቋል። ያልሆነው ሙቀቱ ጎማው ጋ ስላልደረሰ ነው፤ ሲደርስ የሚከፍለው ፎርማኑ ሳይሆን አጠገቡ ያለው ረዳት ነው። ረዳት ደግሞ አለቃውን «ጋሼ፣ ይቅርብን» ለማለት አፍ የለውም።

ታዲያ የማይፈታው ዳዶ ምን ይደረግ? መጀመሪያ 9ኙ ሲፈቱ ምን እንደተፈጠረ ማየት ነው። የጎማው ክብደት ሁሉ በአንዱ ብሎን ላይ ተንጠልጥሏል፤ ዳዶው የሚነክሰው ለዚህም ሊሆን ይችላል። ከተፈቱት ሁለት ሦስቱን በተቃራኒ በኩል መልሶ ማሰርና ክሪኩን ጥቂት ከፍ ዝቅ አድርጎ ጎማውን ማቅናት ብዙ ጊዜ ብቻውን ያስፈታል። የብሎኑን ጫፍ በብረት ብሩሽ ማጽዳት ያስፈልጋል፤ የወጣው ጥርስ ላይ የደረቀ ጭቃና ዝገት ዳዶው ሲመለስ እንደ ሽብልቅ ይይዘዋል። ዝገት ማስለቀቂያ ዘይት ተረጭቶ ማደር አለበት፤ አምስት ደቂቃ ጠብቆ «አልሠራም» ማለት ዘይቱን መበደል ነው። ከዚያ ከመፍታት በፊት ጥቂት ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ ማስኬድ፤ ዝገቱ የሚሰነጠቀው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። በጥርስ ኃይል የሚያባዛ የእጅ መፍቻም አለ፤ አንድ ሰው ሳይዘል፣ ሳይንጠላጠል ያስፈታል።

ይህ ሁሉ አልሆን ካለ ዳዶው ይቆረጥ። ጎኑን በመሰርሰሪያ በስቶ በመሮ መሰንጠቅ ይቻላል፤ ዓይን መሸፈን ግን ግዴታ ነው። የሚጠፋው አንድ ዳዶና አንድ ብሎን ነው። የአንድ ብሎን ዋጋ ከሰው ጆሮ ጋር ሲመዛዘን ማየት የማልችለው ነገር ነው።

ግን ዳዶው ለምን እንዲህ ጠበቀ? እዚህ ላይ ሁለተኛው ተረት ይመጣል፦ «ይበልጥ የጠበቀ ይበልጥ አስተማማኝ ነው»። 22 ሚሊ ሜትር የጎማ ብሎን በአብዛኛው የሚፈልገው 600 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር የአምራቹ መመሪያ ላይ ተጽፏል። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው የ1 ሜትር ቱቦ ጫፍ ላይ ቢቆም ወደ 700 ይጠጋል። ቱቦው 2 ሜትር ከሆነ 1400 ነው፤ ከዘለለበት ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። በአየር የሚሠራው ትልቁ መፍቻም ጣት ካልተነሳለት 2000 ያልፋል። ብሎን ሲጠብቅ እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፣ ጎማውን የሚይዘውም ወደ ቦታው ለመመለስ በሚስብበት ኃይል ነው። ከልኩ ካለፈ ግን ተለጥጦ ይቀራል፣ መሳቡን ይተዋል። «አጥብቄ አስሬው ተፈታ» የሚለው ሹፌር ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው፤ የተፈታው አጥብቆ ስላሰረው ነው። በልኩ የታሰረ ጎማም ቢሆን ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ እንደገና መታየት አለበት፤ በቸርኬውና በሞዞው መካከል ያለው ቀለምና ዝገት እየተጨፈለቀ ቦታ ይለቃልና።

የሞዞውን የኩሽኔታ ዳዶ እንደ ጎማ ዳዶ ቆልፎ የሚዘጋም አለ። በእጅ የሚስተካከል ሾጣጣ ኩሽኔታ መላወሻ ይፈልጋል፤ ከ0.025 እስከ 0.125 ሚሊ ሜትር። መላወሻውን ያጣ ኩሽኔታ ይግላል፣ ግሪሱን ያቃጥላል፣ መጨረሻም ሞዞውን ይዞ ይሄዳል። ሲፈታ ደግሞ «አልፈታም» የሚባለው ዳዶ አንዳንዴ ጭራሽ አልጠበቀም፤ መቆለፊያው ጆሮ ሳይቃና ነው መፍቻ የሚሰካበት። ቱቦ ከመፈለግ በፊት በመብራት ማየት ይገባል።

«ዳዶ ሁሉ ወደ ግራ ይፈታል» የሚለውም ስህተት ነው። በብዙ የቆዩ የጃፓን መኪኖች በግራ በኩል ያሉት ብሎኖች ጥርሳቸው ተገላቢጦሽ ነው፤ ጫፋቸው ላይ ለግራ ኤል፣ ለቀኝ አር የሚል የላቲን ፊደል ይታያል። ይህን ሳያይ ሁለት ሰው ቱቦ ላይ ያስቆመ መካኒክ እየፈታ ሳይሆን እያጠበቀ ነው።

ናፍጣ ዝገት ያስለቅቃል የሚለውን ግን በአንድ ቃል መጣል ይከብደኛል። ለዚህ የተሠራውን ዘይት አይተካም። መንገድ ላይ ሌላ በሌለበት ሌሊቱን ናፍጣ ጠጥቶ ያደረ ዳዶ ጠዋት ሲፈታ አይቻለሁ፤ የፈታው ናፍጣው ይሁን ሌሊቱ ለይቼ መናገር አልችልም።

ይህን የምታነቡ የጋራዥ ባለቤቶችና ፎርማኖች፦ ጎማ ባለበት አክስል አጠገብ የኦክሲጅን ሲሊንደር እንዳይቀርብ ዛሬውኑ እዘዙ። ተሳስቶ እሳት የነካው ጎማ ካለም ሰው ሁሉ ከጎማው ጎንና ትይዩ ይራቅ፣ ግቢው ይዘጋ፣ በዚያን ቀን ማንም አይቅረበው፤ መፍቻ ለማንሳትም ቢሆን።