መለኪያው 12.6 ቮልት ካሳየ አምፕሊፋየሩ ለምን ይጠፋል?

ምሽት ላይ ሞተሯን አጥፍታ ተራ የምትጠብቅ ሚኒባስ ሙዚቃዋን ከፍ አድርጋ ስታሰማ፣ ባሱ በመታ ቁጥር መብራቷ አብሮ ሲደበዝዝ አስተውለን ይሆናል። በአንዳንድ መኪኖች ችግሩ ከዚህ ይብሳል፤ ድምፁ ከፍ ሲል አምፕሊፋየሩ ጭራሹን ይጠፋል፣ ሲቀነስ ተመልሶ ይነሳል። የኤሌክትሪክ ባለሙያው ሽቦውን ሲለካ ግን ሙሉ 12.6 ቮልት ያገኛል። «የተበላሸው አምፕሊፋየሩ ነው» ይባልና ጤነኛው ዕቃ በሌላ ይተካል። አዲሱም እንደ ቀድሞው ይጠፋል። ታዲያ መለኪያው ዋሽቷልን?

መለኪያው አልዋሸም፤ የተለካበት ጊዜ ግን ትክክለኛ አልነበረም። ጆርጅ ኦም እ.ኤ.አ. በ1827 ባሳተመው ሕግ መሠረት በአንድ ሽቦ ላይ የሚባክነው ቮልቴጅ፣ በሽቦው የሚያልፈው የኤሌክትሪክ ፍሰት በሽቦው ሬዚስታንስ ተባዝቶ የሚገኘው ነው። የዲጂታል መለኪያ የራሱ ሬዚስታንስ አብዛኛውን ጊዜ 10 ሚሊዮን ኦም ያህል በመሆኑ የሚስበው ፍሰት ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ አምፕሊፋየሩ ሳይሠራ ስንለካ፣ በአንዲት ክር ብቻ ተንጠልጥሎ የቀረ ሽቦ እንኳ ሙሉውን ቮልቴጅ ያሳየናል። ሕመሙ የሚገለጠው ፍሰቱ ሲበረታ ነው።

እስቲ በቁጥር እንመልከተው። 300 ዋት የሚያወጣ አምፕሊፋየር ከሚወስደው ኃይል 60 በመቶውን ብቻ ለስፒከሩ ቢያደርስ፣ የሚወስደው 500 ዋት ይሆናል፤ ይህም በ12.5 ቮልት 40 አምፔር ማለት ነው። ርዝመቱ 5 ሜትር፣ የወርድ ስፋቱ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ 0.021 ኦም ያህል ሬዚስታንስ አለው፤ 0.85 ቮልት ያባክናል። የኔጌቲቩ ሽቦ የታሰረው ቀለም ባልተፋቀለት ወይም በዛገ የመኪናው ብረት ላይ ሆኖ 0.05 ኦም ቢጨምር፣ ሌላ 2 ቮልት ይጠፋል። የባትሪው የራሱ ቮልቴጅ በውስጣዊ ሬዚስታንሱ ምክንያት ወደ 12.2 ቢወርድ፣ ለአምፕሊፋየሩ የሚደርሰው 9.4 ቮልት እንኳ አይሞላም። ብዙ አምፕሊፋየሮች ደግሞ ቮልቴጁ ከ10 ገደማ በታች ሲወርድ ራሳቸውን ለመጠበቅ ይጠፋሉ። ዕቃው አልተበላሸም፤ ተርቧል እንጂ።

እንግዲህ ፍተሻው መካሄድ ያለበት አምፕሊፋየሩ ወጥ የሆነ የባስ ድምፅ ከፍ አድርጎ እያሰማ ነው። የመለኪያውን አንድ ጫፍ በባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን በአምፕሊፋየሩ ፖዘቲቭ ላይ እናሳርፋለን። መለኪያው ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ጥፋቱ በሽቦው፣ በፊውዙ ማቀፊያ ወይም በማሰሪያዎቹ ላይ ነው። ቀጥሎ በኔጌቲቩ በኩል ይህንኑ እንደግማለን። ሁለቱም ወገን ንጹሕ ሆኖ በባትሪው ጫፎች መካከል ያለው ቮልቴጅ ግን እጅግ የሚወርድ ከሆነ ባትሪውን እንጠረጥራለን። አምፕሊፋየሩ ከመጀመሪያውም የማይነሳ ከሆነ ደግሞ ከሬዲዮው የሚመጣው ቀጭኑ የማስነሻ ሽቦ 12 ቮልት ገደማ ማድረሱን እናረጋግጣለን።

መፍትሔው ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ብረቱን እስኪያበራ ፍቆ አጥብቆ ማሰር ይገባል፤ ሽቦውም ባለ 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ብክነቱ ወደ 0.21 ቮልት ይወርዳል። ሥራው ሲጀመር በቅድሚያ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታል።

ነገሩን ቸል ማለት ግን አደጋ አለው። በዚያች 0.05 ኦም ማሰሪያ ላይ 40 አምፔር ሲያልፍ 80 ዋት ሙቀት ይፈጠራል፤ ይህም ባለ 60 ዋት አምፖል ከሚወስደው ይበልጣል። ፊውዝ ሲቃጠል በወፍራም ሽቦ መተካት ደግሞ ይበልጥ አደገኛ ነው። ከባትሪው አጠገብ የሚገባው ፊውዝ ተግባሩ ሽቦው ተላጦ ብረት ቢነካ መኪናው እሳት እንዳይነሳበት መከላከል ነው። በመሆኑም የፊውዙ መጠን ሽቦው ከሚችለው ፍሰት መብለጥ የለበትም።

አንድ ዕቃ ተበላሽቷል ብለን ከመፍረዳችን በፊት በሥራ ላይ እያለ እንለካው።