አሳዳጊ ለመባል

በሰሜን ወሎ ሀብሩ ወረዳ ወላጅ ያጣ ልጅ መጀመሪያ የሚገባው አያት ወይም አክስት ቤት ነው፤ እነሱ ከሌሉ ጎረቤት ይወስደዋል። ፍርድ ቤት የሚሄድ የለም። ልጁ ይማራል፣ ከብት ያግዳል፣ አሳዳጊውን «አባባ» እያለ ያድጋል። ጣጣው የሚመጣው አባባ ያረፉ ዕለት ነው። የሥጋ ዘመድ ተሰብስቦ ወራሽነት ሲያጣራ፣ ዕድሜውን በዚያ ቤት የጨረሰው ልጅ ለቀስተኛ ሲያስተናግድ ይውላል እንጂ ስሙ ከወራሾች ተርታ አይገባም። ጉዲፈቻ ይህን ክፍተት ይዘጋል፤ በፍርድ ቤት የጸደቀለት ልጅ በሕግ ፊት እንደ ተወላጅ ልጅ ይቆጠራል።

የአማራ ክልል በ1995 ባወጣው አዋጅ ቁጥር 79 የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ በዋና ዋናው ከፌዴራሉ የ1992 የቤተሰብ ሕግ ጋር ይቀራረባል። በፌዴራሉ ሕግ አሳዳጊው 25 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ባልና ሚስት ከሆኑ አንዳቸው ከሞላቸው ይበቃል። ልጁ ከ18 ዓመት በታች ይሁን። የወለደም ያልወለደም፣ ያላገባም ማሳደግ ይችላል። ያገባ ሰው ግን የትዳር ጓደኛውን ልጅ ካልሆነ በቀር በመደበኛው ብቻውን ጉዲፈቻ አያደርግም። ይህ ቅድመ ሁኔታ በከንቱ አልተጻፈም። ዶክተር አበበች ጎበና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከግሸን ማርያም ጉዞ ሁለት የወሎ ድርቅ ሕፃናትን ይዘው አዲስ አበባ ተመልሰው ማሳደግ ሲጀምሩ፣ ባላቸው ስላልተቀበሉት ትዳራቸውን ትተው ወጥተዋል። እሳቸው ከዚያ ትልቅ የሕፃናት ማሳደጊያ ድርጅት አቋቋሙ፤ ሁሉም አበበች አይደለም።

ነገሩ የሚጀመረው ከሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ለሀብሩ ሰው መርሳ፣ ለወልድያ ሰው እዚያው ከተማው። ከማመልከቻው ጋር መታወቂያ፣ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ፣ የጤና ምርመራ ውጤት፣ ከወንጀል ነፃ መሆንን የሚያሳይ ወረቀትና የገቢ ማስረጃ ይጠየቃል። ደሞዝተኛ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያጽፋል፤ ገበሬ ደግሞ የመሬት ይዞታ ደብተሩን ይዞ ቀበሌ ይሄዳል።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ከዚያ የሚከተለው የቤት ጉብኝት ነው። የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ስትመጣ ቤቱ ተጠርጎ፣ ቄጠማ ተጎዝጉዞ፣ ቡና ተፈልቶ ይጠብቃታል። ደህና ባለሙያ ቡናውን ትጠጣለች፤ ዓይኗ ግን ሌላ ቦታ ነው። ልጁ የት ይተኛል? ከቤቱ ልጆች ጋር ነው ወይስ ማድ ቤት? ውኃ የሚቀዳው ማን ነው? ትምህርት ቤቱ ስንት ደቂቃ ያስኬዳል? ከዚያ ተነሥታ ጎረቤት ትጠይቃለች፤ ጎረቤት የባልና ሚስቱን ጠብ ከዳኛ በፊት ያውቃል። እዚህ ላይ ደፍሮ መናገር ያስፈልጋል፦ «እንደ ልጄ አሳድጋታለሁ» ተብላ ከገጠር የመጣች ልጅ እንጀራ ጋጋሪ ሆና የቀረችበት ቤት ብዙ ነው። ጉብኝቱ ይህን ካልለየ የቀረው ወረቀት ሁሉ ዋጋ የለውም።

ጉብኝቱ ካለፈ በአሳዳጊውና ለልጁ ኃላፊ በሆነው ወገን መካከል የጉዲፈቻ ስምምነት ይፈረማል። ወላጆች በሕይወት ካሉ ፈቃዳቸው ይጠየቃል። ስምምነቱ ፍርድ ቤት ካላጸደቀው አይጸናም፤ ዳኛው የልጁን ሐሳብ ይሰማል፣ የአሳዳጊውን አቅም ይመዝናል፣ ለልጁ መጥቀሙን ያጣራል። ከጸደቀ በኋላ እንደ ልደትና ጋብቻ በወሳኝ ኩነት መዝገብ ይሰፍራል። ልጁ ከወለዱት ጋር ያለው ዝምድና አይቆረጥም፤ ከሁለቱ ቤተሰቦች አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን ግን የጉዲፈቻው ይቀድማል። የአሳዳጊው ወላጆች ወይም ወንድሞች ካልወደዱት ተቃውሟቸውን በአንድ ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት ማስመዝገብ ይችላሉ፤ ያኔ ጉዲፈቻው በእነሱ ላይ ውጤት አይኖረውም። ስለዚህ ብልህ አሳዳጊ ከማመልከቱ በፊት ወንድሞቹን ያማክራል። አሳዳጊው ራሱ ግን ነገ «ሐሳቤን ቀይሬአለሁ» ቢል አይሰማም። ሕጉ መፍረስን የሚፈቅደው ልጁ እንደ ባሪያ ከተያዘ ወይም የወደፊት ሕይወቱን በሚጎዳ ሁኔታ ከተያዘ ነው።

እስከ 2010 ድረስ የጉዲፈቻ በር ለውጭ አገር ዜጎችም ክፍት ነበር፤ በዚያ ዓመት ጥር ፓርላማው ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ቤተሰብ የሚፈለገው ከአገር ውስጥ ነው።

የሀብሩ ሙስሊም ቤተሰቦች ሌላም ጥያቄ አለባቸው። በእስልምና ወላጅ አልባን ማሳደግ ትልቅ ምንዳ አለው፤ ልጁን በአሳዳጊው ስም መጥራት ግን አይፈቀድም፤ በጉዲፈቻም ወራሽ አይሆንም። ይህን ሥርዓት የሚያከብር ሰው ልጁን በሞግዚትነት ወይም በአደራ ቤተሰብነት ይዞ፣ ከንብረቱ እስከ ሲሶ ድረስ በኑዛዜ ሊሰጠው ይችላል። ፋይሉ ከመከፈቱ በፊት ለባለሙያዋ ቢነግሯት ጥሩ ነው፤ ጉዲፈቻ ተብሎ ከጸደቀ በኋላ አሳዳጊው ሐሳቡን ቢቀይር መመለሻ የለውም።